ሱፐርቫይዘር ስሆን

«እማዬ፣ ድምቡሼን ግን ማታ አታስገቢያት። በናትሽ።»

ዳይሬክተሯ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን አሸች። ቢሮው ውስጥ ከእናትና ልጅ በቀር ማንም የለም፤ ጸሐፊዋ ምሳ ወጥታለች። ፈተና ሲቃረብ የዚህ ትምህርት ቤት ነገር ሁሌም ያው ነው። ይወድቃሉ የተባሉት ተማሪዎች አንድ በአንድ ይጠሩና «ማታ ብትማሩ ይሻላችኋል» ይባላሉ። የማታ ተማሪ ቢወድቅ የቀኑን ውጤት አያበላሽም። ከዚያ «መቶ በመቶ አሳለፈ!» ተብሎ ይጨበጨባል። ጉድ እኮ ነው!

«የከበዳት ሒሳብ ብቻ ነው» አለች ልጅቷ ስለ ጓደኛዋ። «ደግሞ እናቷ ማታ ማታ ስለምትሠራ ሕፃን ወንድሟን የምትይዘው እሷ ናት። ማታ አስገባሻት ማለት ትምህርት አቆመች ማለት ነው።»

«አውቃለሁ።»

«እያወቅሽ?»

«አንቺ ልጅ፣ አታድርቂኝ! ለአንዷ ካደላሁ የሌሎቹ ወላጆች በሩን ይሰብሩብኛል። ውጤቱ ከወረደ ደግሞ እኔን አንስተው ሌላ ያስቀምጣሉ፤ እሱ ከኔ ይብሳል እንጂ አይሻልም።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ትንሽ ታገሺ። ከፈተናው በኋላ ሱፐርቫይዘር ልትሆኚ ነው ብለውኛል። ያኔ ይሄን ነገር ከየትምህርት ቤቱ ነው የማስቀረው።»

ልጅቷ ይህን ወሬ ታውቀዋለች። እናቷ የሒሳብ አስተማሪ ሳለች «ምክትል ስሆን አስቀረዋለሁ» ትል ነበር። ምክትል ስትሆን «ዳይሬክተር ልሁን እንጂ!» አለች። አስተማሪ ሳለች ደካማ ተማሪ ካገኘች እቤት ድረስ ይዛ መጥታ፣ ሳሎን መሬት ላይ ቁጭ ብላ፣ በክብሪት እንጨት ክፍልፋይ ታስረዳ ነበር። ምን ዋጋ አለው! ሹመት በመጣ ቁጥር አስተማሪነቷ እየቀረ ሄደ።

«አንቺ ራስሽ ብታስጠኛትስ? እንደ ድሮው?»

«በየት ጊዜዬ?» አለች እናቷ። ለአፍታ ግን ፊቷ ፈካ ብሎ ነበር። ወዲያው ስልኩ ጮኸ። «አቤት ጌታዬ! አዎ፣ ዘንድሮም መቶ በመቶ ነው፤ አያስቡ» እያለች ልጇን በእጇ ውጪ አለቻት።

ድምቡሼ ግቢው ውስጥ ቧንቧው አጠገብ ቆማ ጥፍሯን ትበላለች። «እሺ፣ ተሳካ ወይስ ተበላን? ንገሪኝ፣ ልቤ ሊወጣ ነው!»

«ትንሽ ታገሺ» የሚለው ቃል የዳይሬክተሯ ልጅ አፍ ላይ መጣ። ቢወጣ ቀላል ነበር፤ ድምቡሼም ቢያንስ ለዛሬ ትስቅ ነበር። ዋጠችው።

«እምቢ አለች። ሐሳቧን አትቀይርም። አትጠብቂ።»

ድምቡሼ አላለቀሰችም። ቧንቧውን ከፈተች፣ ሳትጠጣ መልሳ ዘጋችው። «ለእናቴ ምን ብዬ ነው የምነግራት?» አለች። «እሷ እኮ ልጄ ዶክተር ትሆናለች እያለች ነው ለሰው የምታወራው።»

«አብረን እንነግራታለን።»

«አንቺ ምን ቤት ነሽ?»

«ያስወጣችሽ የኔ እናት መሆኗን የምነግራት እኔ ነኝ» አለች ቦርሳዋን አንስታ። «ነይ፣ ለሥራ ሳትወጣ እንድረስባት።»