ሲሞቅ የሚለቀው ንጣፍ

ዶክተር ከፈለ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኘው ትንሽ ላብራቶሪው ውስጥ ሞቶ የተገኘው ማክሰኞ ጠዋት ነው። ቁስል የለው፣ ደም የለው። መስኮት የሌለውን ክፍል ናይትሮጅን ሞልቶ አፍኖታል። ናይትሮጅን ሽታም ቀለምም የለውምና ሰውየው አደጋውን አላወቀም። የጋዙ ሲሊንደር የቆመው ውጭ፣ ኮሪደሩ ላይ ሲሆን፣ ወደ ክፍሉ የሚገባው ቱቦ ከውስጥ በኩል ላልቶ ተገኘ። ሰኞ ጠዋት ሲሊንደሩን የቀየረችው ደግሞ ረዳቱ ልዕልት ነበረች። ለሐሜተኛ ከዚህ በላይ ምን ያስፈልገዋል?

የካውንቲው ፖሊስ መርማሪ ሉባባ ግን ለሐሜት ጆሮ የምትሰጥ ሴት አይደለችም።

«ቱቦውን አጥብቄ፣ የኦክስጅን አላርሙን ቼክ አድርጌ ነው የሄድኩት» አለች ልዕልት፣ ዐይኗ አብጦ። «ለቅሶ ብሄድ እትዬ የሺሀረግ ‹ገዳይ!› ብለው ከባላቸው ለቅሶ አባረሩኝ። እውነት እኔ ገድያቸው ይሆን?»

«አላርሙን ያገኘነው ከሶኬቱ ተነቅሎ ነው።»

«እኔ አልነቀልኩትም!»

ሉባባ ላብራቶሪው መሐል ባለው፣ አየሩ ተመጦ በወጣለት የብረት ጋን መስታወት በኩል አጮለቀች። ውስጡ ጥፍር የምታህል ቁራጭ ሲሊከን አለች፤ ላይዋ ቡናማ ሆኗል።

«ይሄ ቡናማው ምንድን ነው?»

«ፉለሪን ነው፤ ኳስ የመሰለ የካርቦን ሞለኪውል። በላይ በላዩ እየነጠፈ ያድጋል። የታችኛው ንጣፍ ሲሊከኑን ጥብቅ አድርጎ ስለሚይዝ አይለቅም፤ ግን በዐይን አይታይም። ከላይ የተደረበው እርስ በርሱ ላላ ብሎ ነው የተያያዘው፤ ሲሞቅ ይለቃል። ዶክተር ልሳነወርቅ ያሳተሙት የምርምር ፔፐር ግን ‹በእኛ ዘዴ የላይኛውም አይለቅም› ይላል። ዶክተር ከፈለ ያን ለማየት ነበር ሰኞ ያመሹት።»

ልሳነወርቅ የሟቹ የሥራ ባልደረባ፣ የሠርጉም ሚዜ ነበር። ከፈለ ሲቀልድ «የታችኛው ንጣፌ» ይለው ነበር። ሉባባ ያገኘችው በአቅራቢያው ከተማ በአሌክሳንድሪያ፣ ሟቹ ቤት፣ ከየሺሀረግ ጎን ተቀምጦ ለቀስተኛ ሲቀበል ነው።

«ሰኞ ስወጣ በበሩ መስታወት አየሁት» አላት። «ናሙናውን አራት መቶ ዲግሪ አሙቆ ጨርሶ ነበር። ሽፋኑ ንቅንቅ አላለም፤ ፔፐራችን ልክ ነው። በደስታ እጁን አወዛወዘልኝ። ምን ያደርጋል፣ ልጅቷ…»

«ከእርስዎ በኋላ ሕንፃው ውስጥ ሌላ ሰው ነበር?»

«ከእሱ በቀር ማንም አልነበረም። የውጭውን በር የቆለፍኩት እኔ ነኝ።»

ሉባባ አመስግናው ወጣች።

በሰልስቱ ዕለት ጠዋት ሦስቱንም ላብራቶሪው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። የሺሀረግ ልዕልትን ላለማየት ፊቷን አዙራ ቆመች።

«ዶክተር ልሳነወርቅ፣ ናሙናው ሰኞ አራት መቶ ዲግሪ ሞቋል ብለዋል። ጋኑ ከዚያ ወዲህ አልተከፈተም። እንዳሉት ከሆነ የሚለቅ ነገር ቢኖረው ያኔ ለቋል፤ ዛሬ ብናሞቀው ምንም አይለወጥም። ልዕልት፣ አሙቂው።»

ልጅቷ የማሞቂያውን ቁልፍ አዞረች። የሙቀቱ ቁጥር ወጣ፤ ሁለት መቶ፣ ሁለት መቶ ሃምሳ። ሦስት መቶን ሲያልፍ ቡናማው ከዳር ጀምሮ ሳሳ። ጥቂት ቆይቶ ጨርሶ ጠፋና ሲሊከኑ ራቁቱን አብለጨለጨ።

«ስለዚህ ሰኞ አልሞቀም» አለች ሉባባ። «በመስታወት አየሁ ያሉት ነገር አልተደረገም። ከፈለ ቢያሞቀው ኖሮ የፔፐሩ ቁጥሮች የፈጠራ መሆናቸው ይጋለጥ ነበር። የሞተው እንዳያሞቀው ነው። ልዕልት ብትሳሳት ቱቦ ይላላል እንበል፤ አላርም ግን ራሱን አይነቅልም። ከፈለ ሳያይዎት አላርሙን ነቅለው፣ ቱቦውን አላልተው፣ ኮሪደሩ ላይ ቆመው ጋዙን የለቀቁት እርስዎ ነዎት። መጨረሻ የወጣሁት እኔ ነኝ ያሉትም እርስዎው ነዎት።»

«ስሜ ነው…» አለ ልሳነወርቅ። «ዕድሜዬን የፈጀሁበት ስሜ ነው።»

«ከፈለ ሊያሞቀው መሆኑን ማን ነገረዎት?»

 መልሱ የመጣው ከየሺሀረግ ነው።

«እኔ ነኝ። ‹ከፈለ ሰኞ ሊፈትሸው ነው፤ እንዳትጣሉ ቀድመህ አነጋግረው› ብዬ እኔው ደወልኩልህ።» ወደ ልሳነወርቅ ተጠጋች። «አንተም ገድለኸው መጥተህ፣ ‹እግዜር ያጽናሽ› የሚለኝን ሁሉ አጠገቤ ተቀምጠህ ‹አሜን› አልክልኝ!»

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል። ለየሺሀረግ ግን ተረቱ አነሰባት። ባሏን አሳልፎ የሰጠው የራሷ እምነት ነውና ከመውደቋ ይልቅ ማመኗ አመማት።

ፖሊሶች ልሳነወርቅን ይዘውት ወጡ። የሺሀረግ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ልዕልት ዞረች።

«ልጄ» አለቻት፣ «ዛሬ ሰልስቱ ነው። አጠገቤ ያለው ወንበር ባዶ ነው፤ ነዪ።»