የደረቀው ቢጫ መስመር

አውቶቡሱ አልነሳ አለ።

ሹፌሩ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ አጉረመረመ፣ አቃሰተ፣ ዝም አለ። ደግሞ አዞረ። ያው ነው። ትናንት ጠዋት በሥራ አስኪያጁ ፊት አንዴ ተነክቶ ጋራዡን ያናወጠ ሞተር ዛሬ ድርቅ ብሎ ቀረ።

«ናፍጣ አይደርሰውም» አለ ሹፌሩ በመስኮት ብቅ ብሎ።

ሻምበሏ ኮፋኖውን ከፍታ አንገቷን አስገባች። ዓይኗ ናፍጣ ወደ ሞተሩ በሚረጨው ፖምፓ ላይ አረፈ። ቀለሙ ያው ነው። ብሎኖቹ ላይ የተሰመረው ቢጫ መስመርም በቦታው አለ። ጎኑ ላይ የነበረው የፋብሪካ ምልክት ግን የለም።

«ይሄ የኛ ፖምፓ አይደለም» አለች። «ከሞቱት ፖምፓዎች አንዱን አጥበው፣ ቀብተው ገጥመውልናል። ሰሞኑን የገጠምነው አዲሱ ተሰርቋል።»

ከዚያ የሁሉም ዓይን ቀስ እያለ ወደ ቀበቶዋ ወረደ። ቀበቶዋ ላይ የጋራዡ በር ቁልፍ ተንጠልጥሏል። ቁልፉ አንድ ብቻ ነው። ማታ ማታ በሩን የምትቆልፈው፣ ቁልፉንም ይዛው የምታድረው ሻምበሏ ናት። ይህን ደንብ ያወጣችው ደግሞ ማንም ሳይሆን እሷው ናት።

ሻምበሏ ዕድሜዋን በጦር ሠራዊት ውስጥ የታንክና የከባድ መኪና ጥገና ስትመራ ኖራ፣ በክብር ተሰናብታ ወደዚህ የከተማ አውቶቡስ ድርጅት የመጣች ሴት ናት። ከተሰናበተች በኋላ ሥራ ፍለጋ ያልረገጠችው ቢሮ አልነበረም። አንዱ «ታንክ እንጂ መኪና ምኑን ያውቁታል?» ብሎ ሸኛት። ሌላው «እዚህ ሰው በትዕዛዝ አይሠራም» አላት። ታላቅ እህቷ እንኳ «አንቺ ልጅ፣ ሱቅ ክፈቺና አርፈሽ ተቀመጪ» ስትል ወተወተቻት። ይህ ድርጅት ግን በሙከራ ቀጠራት። ሙከራው የሚያበቃው በዚሁ ሳምንት ነው። ካለፈች የጥገና ኃላፊ ትሆናለች። ከወደቀች እነዚያ ሁሉ ሰዎች ልክ ነበሩ ማለት ነው፤ ይህን ደግሞ ከማየት ሞቷን ትመርጥ ነበር።

ቢጫው መስመር ከሠራዊቱ ይዛው የመጣችው ነገር ነው። አንድ ብሎን ከጠበቀ በኋላ ከብሎኑ አናት እስከ ሞተሩ አካል አንድ የቀለም መስመር ይሰመርበታል። ብሎኑ ከላላ ወይም ከተፈታ መስመሩ ይሰበራል። ያጠበቀው ሰው ራሱ አያሰምርም፤ ሌላው አይቶ ያሰምርለታል። ሠራተኞቹ ይህን ሲሰሙ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «ሞተር የምትኩል ሴት መጣችልን» አሉ። ዘበኛውማ ጠዋት ጠዋት ስትገባ ተረከዙን አጋጭቶ ወታደራዊ ሰላምታ ይሰጣታል፤ ካለፈች በኋላ ደግሞ አፉን በእጁ ይዞ ይንከተከታል። ያልሰማች መስላ ታልፋለች እንጂ ነገሩ አንጀቷን ይበላት ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ከፖሊስ መርማሪ ጋር መጣ። መርማሪው ቀጭን፣ ወሬ የማይወድ ሰው ነው። ቢሮዋ ገብቶ ሳይቀመጥ ጀመረ።

«ትናንት ጋራዡን ማን ቆለፈ?»

«እኔ።»

«ሲቆልፉ ፖምፓውን አይተውታል?»

«በባትሪ አይቻለሁ። ቢጫው መስመር አልተሰበረም።»

«ቁልፉ የት አደረ?»

«ትራሴ ሥር።»

«ቅጂ አለው?»

«የለውም።»

«በሩ ተሰብሯል?»

«አልተሰበረም።»

መርማሪው ትከሻውን ነቀነቀ። «እመቤቴ፣ በገዛ አፍዎ እኮ ራስዎን አሰሩ።»

ሥራ አስኪያጁ ዓይኗን ላለማየት መስኮት መስኮቱን እያየ «ፖምፓው እስከ ማታ ካልተገኘ ሥራዎ ያበቃል። ከዚያ በኋላ ያለውን ከመርማሪው ጋር ይጨርሱ» አላት።

ሻምበሏ ድሮ ቢሆን ሁሉንም አሰልፋ ታፋጥጣቸው ነበር። አሁን ግን «እኔም ልጠይቅ። እርስዎም ቆመው ይስሙ» ብላ መርማሪውን ለመነችው። እሺ አላት።

መጀመሪያ የተጠራው ዘበኛው ነው። ገና ሳይጠየቅ ላብ አጠመቀው።

«ሌሊት ሰው ገብቷል?»

«ኧረ ማንም!»

«ታዲያ ምን ያንቀጠቅጥሃል?»

ዘበኛው መርማሪውን አየ፣ ሻምበሏን አየ፣ ተሸነፈ። «የእህቴ ባል ነው! እህቴ ብታባርረው ጊዜ እኔ ጋ ጥበቃ ቤት አስተኛሁት። እንቅልፋም ነው፣ ሽንት ቤት እንኳ አልወጣም። በእናቴ ይዣችኋለሁ፣ ለእህቴ እንዳትነግሯት!»

መርማሪው እየተጣደፈ የእህትየውን ባል አስጠራ። ሰውየው ዓይኑን እያሻሸ መጣ። ለካ ብሎን ከምስማር የማይለይ ልብስ ሰፊ ኖሯል። መርማሪው በቁጭት አሰናበተው።

«ትናንት ሠራተኛው ሲወጣ ፈትሸሃል?» አለች ሻምበሏ ወደ ዘበኛው ተመልሳ።

«ቦርሳ በቦርሳ! እርስዎ አይደሉ ፈትሽ ያሉኝ? በዚህ በር ዝንብ አልወጣም።»

ቀጥሎ የዕቃ ቤቱ ሽማግሌ መጡ። መርማሪው ተስፋ የጣለው በእሳቸው ላይ ነበር፤ ባለፈው ሰሞን ከሻምበሏ ጋር በነገር ተጋጭተዋል። «ልጄ፣ ተጣልተን ይሆናል» አሉ ከዘራቸውን ተደግፈው። «ግን ያን ፖምፓ የሚያነሳ ወገብ ቢኖረኝ ኖሮ እዚህ ምን አስቀመጠኝ?» መርማሪው ሳይወድ በግዱ ፈገግ አለ።

የመጨረሻው ምክትሏ ነው። ጋራዡ በሙሉ «ዶክተሩ» ይለዋል። ካቻቢቴ ሞተር ላይ አስደግፎ ጫፉን በጆሮው ሲያዳምጥ በሽተኛ የሚመረምር ይመስላል። እጁንም እንደ ሐኪም ነው የሚያጸዳው። አሁንም ነጭ ጨርቅ ይዞ ጣቶቹን አንድ በአንድ ይወለውላል።

«እህቴ፣ ሌባ ነሽ አልልም» አላት በለስላሳ ድምፅ። «ግን ወታደር ቤትና እዚህ ለየቅል ነው። አልሆነልሽም። ይህ ደግሞ ነውር የለውም።»

«ትናንት አውቶቡሱን ለመጨረሻ ጊዜ ያስነሱት እርስዎ ነበሩ?»

«ጠዋት፣ በሁላችሁም ፊት።»

ሻምበሏ ተነስታ ወጣች። የዶክተሩ ሐዘኔታ ከስድብ በላይ አሟት ነበር።

እንደገና በሞተሩ ላይ አጎነበሰች። ሌባው ፖምፓውን ቀይሮ አዲስ መስመር አስምሯል፤ እዚህ ድረስ ግልጽ ነው። ያኔ ነው ጣቷን ሰዳ መስመሩን የዳሰሰችው። ደርቋል።

በሩጫ ወደ ጎረቤቱ አውቶቡስ ሄደች። እዚያ ትናንት ወደ ማምሻው ላይ፣ ልትቆልፍ ስትል፣ በእጇ ያሰመረችው መስመር አለ። ዳሰሰችው። ቢጫው ጣቷ ላይ ቀረ።

ሳቋ መጣ። መርማሪውን ክንዱን ይዛ ጎተተችው።

«ይንኩት! ያኛውንም ይንኩት። ቀለሙ አንድ፣ የወጣበት ቆርቆሮ አንድ፤ ቀስ ብሎ የሚደርቅ ቀለም ነው። የኔ ገና አልደረቀም፣ የሌባው ደርቋል። ስለዚህ የሌባው ከኔ ይቀድማል። ፖምፓው ሌሊት አልተቀየረም! በጠራራ ፀሐይ፣ በሩ ክፍት ሳለ ነው የተቀየረው። ማታ በባትሪ ያየሁትም የሌባውን መስመር ነው።»

መርማሪው ጣቱን አየ። «ታዲያ ይህ ሁሉ ሰው ባለበት?»

«ሰው አልነበረም» አለች፤ ፊቷ ቀላ። «ቀትር ላይ ሁሉንም አዳራሽ ሰብስቤ ስለ ሥራ ደህንነት ሳወራ ነበር። እንደሚያሙኝም አውቃለሁ፤ ከጀመርኩ አላቆምም።»

«ከስብሰባው የቀረ ሰው አለ?»

ሻምበሏ መጀመሪያ ፖምፓውን ፈለገችው። በበሩ ዝንብ ካልወጣ ፖምፓው ግቢው ውስጥ አለ። አዲስ ፖምፓ ደግሞ ከሞቱ ፖምፓዎች ክምር የበለጠ መደበቂያ የለውም።

ክምሩ ከጋራዡ ጀርባ ነው። ሠራተኞቹ ሥራቸውን ጥለው ተከተሏት። እጅጌዋን ሰብስባ አንድ በአንድ አገላበጠች። ሁሉም ዝገዋል፤ ናፍጣ የሚያልፍባቸው ቀዳዳዎች በአፈርና በሸረሪት ድር ተሞልተዋል። ከሥር አንድ ግራሶ የተለቀለቀ አወጣች። ከላይ ሲያዩት ከሁሉም የባሰ ቆሻሻ ነው። ቀዳዳዎቹ ግን በነጭ ጨርቅ ተሸፍነው፣ ጨርቁ በቀጭን የመዳብ ሽቦ ዙሪያውን ታስሯል። ግራሶውን ስትጠርገው የፋብሪካው ምልክት ብቅ አለ።

እዚያ ያለው ሰው ሁሉ ቀዳዳ የሚደፍነው ያገኘውን ቡትቶ ጠቅጥቆ ነው። በነጭ ጨርቅ ሸፍኖ በሽቦ የሚያስር አንድ ሰው ብቻ ነው።

ሻምበሏ ወደ ዶክተሩ ዞረች። «ጥርስዎ እንዴት ሆነልዎ?»

«የቱ ጥርሴ?»

ከአፉ ካመለጠው በኋላ ነው የገባው። ትናንት ከስብሰባው የቀረው ጥርሴን አመመኝ ብሎ ነበር። ነጩ ጨርቅ ከእጁ ወደቀ።

«ሌባ አይደለሁም» አለ። ያ ለስላሳ ድምፅ የለም። «ይህን ጋራዥ ያቆምኩት እኔ ነኝ። የፊተኛው ኃላፊ ጡረታ ሲወጣ ወንበሩ የኔ ነው ብዬ ለሚስቴ ነገርኩ፣ ለልጆቼ ነገርኩ። ከዚያ አንቺ መጣሽ። በምን ዓይኔ ልያቸው? አንቺ ስትሄጂ ፖምፓውን ክምር ውስጥ ተገኘ ብዬ ላወጣው ነበር።»

«ክፍቱን ቢተዉት እኮ ላልለየው እችል ነበር። ለምን ሸፈኑት?»

«አቧራ ይገባበታላ!» ብሎ ጮኸ። «አዲስ ፖምፓ አቧራ እየገባበት እንዴት ብዬ ጥዬው ልሂድ?»

አንዱ ሊስቅ ጀመረና ተወው። ሻምበሏ ተናዳበታለች፤ ሊያሳስራት ነበር እኮ። ግን እጁን ታከብረዋለች። መርማሪው ክንዱን ሊይዘው ሲል «ትንሽ ይታገሱኝ። የፈታው ይግጠመው» አለች።

መርማሪው ፈቀደ። ዶክተሩ ፖምፓውን አጠበው፣ መለሰው፣ ብሎኖቹን በየተራ አጠበቀ። ሲጨርስ ቢጫውን ቡሩሽ አነሳ። እጁ አየር ላይ ቆመ። ከዚያ ሳያያት ቡሩሹን ዘረጋላት።

«ያጠበቀ አያሰምርም» አለ።

ሻምበሏ አይታ አሰመረች። ሹፌሩ ቁልፉን አዞረ። አውቶቡሱ አንዴ ተንቀጠቀጠና አገሳ፤ የጋራዡ ቆርቆሮ ተንጫጫ። ሠራተኞቹ በጭብጨባና በፉጨት አቀለጡት። ሽማግሌው ከዘራቸውን ወደ ላይ ነቀነቁ። ሻምበሏ ደስታዋን መደበቅ አቃታት፤ እንደ ልጅ ዘለለች።

ዶክተሩ ከመርማሪው ጋር ሲወጣ በሩ ላይ ቆም ብሎ ሞተሩን አዳመጠ። «ጤነኛ ነው» አለና ሄደ።

ሥራ አስኪያጁ እጇን ጨበጠ። «ሙከራው አልቋል፣ ኃላፊያችን። ይቅርታዎንም እለምናለሁ።»

ሲመሻሽ እህቷ ደወለች። «ምነው ድምፅሽ ጠፋ?»

«እታለም፣ ሱቁን ተዪው። ቀጥረውኛል!»

የስልኩ እልልታ ግቢውን አዳረሰው።

በሩ ጋ ስትደርስ ዘበኛው ከመቀመጫው ብድግ አለ። ተረከዙን አላጋጨም። በሩን በሁለት እጁ ከፍቶ «ደህና ይደሩ፣ እትዬ» አላት አንገቱን ሰበር አድርጎ።

ሻምበሏ ቀጥ ብላ ቆመች። ተረከዟን አጋጭታ፣ እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ፣ የምሯን ሰላምታ ሰጠችው። ዘበኛው እስክትርቅ ድረስ በሩን መዝጋት ረሳ።