ውሃ ያቆረው የመስኮት ደፍ

ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ አዛዡ በስብሰባ መሃል «ሲሚንቶ አቡኪም መርማሪ ሆነ!» ብሎ ሃያ ሰው በመርማሪው ላይ አስቋል። በወጣትነቱ ግንበኛ የነበረው መርማሪ የሳቁትን አንድ በአንድ ያስታውሳል። ከዚያ ወዲህ ምሳውን የሚበላው ብቻውን ነው።

ያው አዛዥ ዛሬ ከሁለተኛ ፎቅ ወድቀው የሞቱትን አሮጊት ጉዳይ ወረወረለት። «የገፋቸው ግንበኛው ነው። እስከ ቀትር ጨርስና ወህኒ ይውረድ።»

አሮጊቷ የሞቱት ከትናንት በስቲያ፣ ግንበኛው የመኝታ ቤታቸውን መስኮት ደፍ ለስኖ ከጓሮ አሸዋ ሊያመጣ በወረደበት ሰዓት ነው። ጥፍራቸው ሥር ሲሚንቶ ደርቋል። ደፉ ላይ ግን አንዲት ጭረት የለም።

ምድር ቤት የተከራየችው ልብስ ሰፊ እንባዋን ጠረገች። «እትዬ ደፉን እንዴት ይወዱት ነበር መሰልዎት! የሚያወራቸው የለ፣ ክርናቸውን አስደግፈው መንገደኛ ሲያዩ ይውላሉ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ወፎች ሲታጠቡበት አየሁ።»

«በምን ውሃ?» አላት መርማሪው።

«የትናንቱ ዝናብ አቁሮበት ነዋ!»

የወንድማቸው ልጅ ደረጃው ላይ ተቀምጧል። «እኔ የግቢው በር ላይ ነበርኩ። የስፌት መኪናዋ ሲንኳኳ እየሰማሁ ድንገት ጩኸት! መኪናውም ቆመ።»

«ከአክስትህ ጋር እንዴት ነበራችሁ?»

«እንደ እናትና ልጅ!»

መርማሪው በጣሳ ውሃ ይዞ ክፍል ለክፍል ዞረ። ከዚያ ሁሉንም መኝታ ቤቱ ውስጥ ሰበሰባቸው፤ አዛዡም መጣ።

«ጌታዬ፣ የሦስት ልጆች አባት ነኝ» አለ ግንበኛው፣ በካቴና የታሰረ እጁን ዘርግቶ።

«ዝም በል፤ ሥራህ ይናገርልሃል» አለ መርማሪው። « ሌሎቹን አምስት ደፎች የለሰንከው አንተ ነህ። ሁሉም ወደ ውጭ ያዘቀዝቃሉ፤ ያፈሰስኩት ውሃ ጠብታ ሳይቀር ወረደ። የግንበኛ እጅ ሳያስበውም እንዲህ ነው የሚለስነው። ይሄኛው ግን እንደ ጠረጴዛ ተደልድሏል። ልስኑ ሳይደርቅ ሙያውን የማያውቅ ሰው ላዩን ደግሞ ለስኖታል። ልብስ ሰፊዋ እስከ ጩኸቱ መኪናዋ ላይ ነበረች፤ ምስክሯ ራሱ የወንድም ልጅ ነው። እህቴ፣ ሮጠሽ ስትወጪ የግቢው በር ላይ ማን ነበር?»

«ማንም አልነበረም!»

መርማሪው ደፉን በቁልፍ መታ መታ አደረገው። ስስ ቅርፊት ተነሳ። ከሥሩ አራት የጣት ቦዮች ወጡ፤ ተንጠልጥሎ የሚሞት ሰው የቧጠጣቸው።

የወንድም ልጁ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። «ውጣልኝ አለችኝ! ወዴት ልውጣ? ከሷ ሌላ ማን አለኝ?»

አዛዡ የግንበኛውን ካቴና ፈታ። ግንበኛው መርማሪውን ደረጃው ላይ ደረሰበት።

«ጌታዬ፣ ዛሬ ከልጆቼ ጋር እራት እንብላ፤ እባክዎ። ወይስ ቤት የሚጠብቅዎ ሰው አለ?»

መርማሪው አንድ እግሩን እንዳንጠለጠለ ትንሽ ቆመ። «እራቴንም ብቻዬን ነው የምበላው» ብሎ ወረደ።