ሰው ያደረበት ቤት

ወይዘሮ አሰገደች ኢንሹራንስ የሚባለውን ነገር አይወዱትም ነበር። ሌባ ሳይመጣ ስለ ሌባ መዋዋል ሟርት ነው ይላሉ። ልጃቸው ኤሌኒ ግን መካኒሳ አቦ ካለችው ቤታቸው ሁለቱ የስፌት መኪናዎች ቢወጡ እናትና ልጅ ጦማቸውን እንደሚያድሩ ታውቃለች። አባቷ ከሞተ ወዲህ እንጀራቸው እነሱ ናቸው። ለምናም፣ ተቆጥታም፣ አኩርፋም እሺ አሰኘቻቸው።

ቤቱን ሊያይ የመጣው የኢንሹራንስ ሠራተኛ ምትኩ ይባላል። ቀጠን ያለ፣ ሲናገር ዓይኑን የሚሰብር ልጅ ነው። መስኮቱን አየ፣ የበሩን ቁልፍ አየ፤ ከዚያ ኤሌኒን አየና የሚጽፈው ጠፋው። በሳምንቱ ቁልፉን እንደገና ልየው ብሎ መጣ። በሚቀጥለው ሳምንት ምክንያት ማበጀቱንም ተወው። ኤሌኒ እየሳቀችበት ወደደችው።

መስቀል ደረሰ። ጉራጌ ለመስቀል አገሩ ካልገባ ዓመቱ ዓመት አይሆንለትም። በዚያ ላይ የአባቷ ተዝካር በጥቅምት መጨረሻ እዚያው አገር ቤት ሊወጣ ነው፤ እናትና ልጅ ቶሎ አይመለሱም። ኢንሹራንሱ ደግሞ ከወር በላይ ሰው ላላደረበት ቤት፣ ዕቃ ቢሰረቅ አይከፍልም። ይህን የነገራት ራሱ ምትኩ ነው። ኤሌኒ ጎረቤታቸውን ማሚቴን እንድታድርላቸው ልትለምን ስትነሣ እጇን ይዞ አስቀመጣት።

«ለምን ሰው ታስቸግሪያለሽ? እኔ አለሁ።»

«እውነት ታድርልናለህ?»

«አለሁ አልኩሽ እኮ።»

ቁልፉን ሰጠችው። ወይዘሮ አሰገደች ወንድ ቤታቸው እንዲያድር ስለማይፈቅዱ፣ የምታድረው ማሚቴ ናት ብላ ነገረቻቸው። ማሚቴም ነገሩን ታውቃለች፤ ጠዋት ምትኩ ሲወጣ «ሙሽራው» እያለች ታበሽቀዋለች። እሱም ቃሉን ጠብቆ አደረ፤ ይህን አልክድበትም። አንድ ነገር ብቻ ቀረው። በዚያ በደርግ ዘመን ከቤቱ ውጭ የሚያድር ሰው ቀበሌ ሄዶ መመዝገብ ነበረበት። ምትኩ ግን የሴት ልጅ ቤት አድራለሁ ብሎ ለሊቀ መንበሩ መናገር አሳፈረው። ነገ፣ ነገ እያለ ከረመ።

ሌቦቹ የመጡት በቀን ነው፣ እናትና ልጅ በሚመለሱበት ዕለት፣ ምትኩ ሥራ ላይ ሳለ። ወይዘሮ አሰገደች መኪናዎቹ ከነበሩበት ቦታ መሬት ላይ ዘፍ ብለው ተቀመጡ። ኤሌኒ አጽናናቻቸው። ሰው ያደረበት ቤት ነው፣ ይከፍሉናል አለች።

ኢንሹራንስ ቢሮ ሲጠሯት ብቻዋን ሄደች። ኃላፊው ምትኩን አጠገባቸው አቁመውታል። ቀበሌው እዚያ ቤት የተመዘገበ አዳሪ የለም ብሎ ነበር። ሳይመዘገብ ያደረ ሰው ይታሰራል፤ ከደንበኛ ጋር የተመሳጠረ ሠራተኛ ደግሞ አሻጥረኛ ይባላል። አሻጥረኛ የተባለ ሰው በዚያ ጊዜ የሚያጣው ሥራውን ብቻ አልነበረም።

«ጓድ ምትኩ፣ ቤቱን የምታውቀው አንተ ነህ። የሚያድርበት ሰው ነበረ?»

ምትኩ ኤሌኒን አንድ ጊዜ አያት። ከዚያ መስኮት መስኮቱን ማየት ጀመረ።

«አልነበረም» አለ። «ባዶ ነበር።»

ኃላፊው ወደ እሷ ዞሩ። ያደረው ምትኩ ነው ብትልና ማሚቴን ምስክር ብታመጣ ኢንሹራንሱ ይከፍላል፤ እሱ ግን ይታሰራል። አሳዘናት፤ ማዘኗ ደግሞ አናደዳት። ይህ ሰው እናቷን ለረሃብ አሳልፎ እየሰጠ እሷ ለእሱ ትሳሳለች።

«እህቴ፣ ምን ትያለሽ?»

«እሱ እንዳለው ነው» አለች ኤሌኒ። «ቤቱ ውስጥ ሰው አልነበረም።»

ምትኩ እፎይ አለ። ሰው ስትል ምን ማለቷ እንደሆነ እንኳ አልገባውም። የፈራ ጆሮ የሚሰማው የሚጠቅመውን ብቻ ነው።

ኢንሹራንሱ ሳይከፍል ቀረ። ወይዘሮ አሰገደች ጥፋቱን ማሚቴ ላይ ጣሉ። አድራለሁ ብላ ከድታን ነው ብለው ሰላምታ ነሷት፤ በመንገድ ሰደቧት። ማሚቴ የኤሌኒ ስም እንዳይጠፋ ብላ ስድቡን ዋጠችው። ኤሌኒ እየሰማች ዝም አለች፤ ከዚያ ቀን በኋላ ማሚቴን ቀና ብላ ማየት አልቻለችም። የሰው ልብስ ማጠብ ጀመረች። እናቷ ነጠላቸውን ሸጡ፤ ቀጥሎ የአልጋ ልብሱን ሸጡ።

ጥምቀት እንዳለፈ ምትኩ ሽማግሌ ላከ። ይወዳታል፤ መውደዱስ እውነት ነበር። ሽማግሌዎቹ ልጁ የመንግሥት ደሞዝተኛ መሆኑን፣ ጨዋነቱን፣ አደራ የማይበላ መሆኑን ተናገሩ። ወይዘሮ አሰገደች ጓዳ ገቡ። ፊታቸው ከስንት ጊዜ በኋላ ፈክቷል።

«ልጄ፣ ሳልጠይቅሽ እሺ አልልም። ትወጂዋለሽ?»

ኤሌኒ እናቷን አየች። ከስተዋል። ቀሚሳቸው ሰፍቷቸው ትከሻቸው ላይ ተንጠልጥሏል። የሆነውን ሁሉ ልትነግራቸው አፏን ከፈተች፤ ብትነግራቸው ነገ ምን እንደሚበሉ ግን አታውቅም።

«እወደው...» ብላ ጀመረች።

ወይዘሮ አሰገደች እስክትጨርስ አልቆዩም። እልል እያሉ ወደ ሽማግሌዎቹ ወጡ።

«...ነበር» አለች ኤሌኒ፣ ለግድግዳው።

ሠርጉ ለሚያዝያ ተቆረጠ።