ሰባተኛው መነጽር

ሚስማር መነጽሩን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ።

«ግራ እጀታው ላልቷል።»

«የሁሉም ግራው ነው ቀድሞ የሚላላ» አለ ባለሱቁ። የይለፍ ቃሉ ልክ ነበር።

ከመንገዱ ማዶ ሁለት ሰዎች የቆመ መኪና ተደግፈዋል። አንዱ ጋዜጣ ይዟል። ገጽ ግን አይገልጥም።

ሚስማር እንዳላያቸው ሆነ። ሚስማር እውነተኛ ስሙ አይደለም፤ ከአራት ወር በፊት ብርሃን ለኪ መስሎ የብርሃንና የእንቅልፍ ምርምር ተቋሙ ውስጥ ሲገባ የወጣለት ነው። ባለሱቁ፣ መነጽር ሠሪው፣ ደግሞ ጥላ ይባላል። ተቋሙን እንዲሰልል ሚስማርን የመለመለውም፣ ትእዛዝ የሚያቀብለውም እሱ ነው።

«እትዬ ምራቅ እንዴት ናት?» አለ ጥላ እየሳቀ። «አሁንም ሰዉን ሁሉ ታስተፋለች?»

«ደህና ናት ጋሼ።»

እትዬ ምራቅ የሚሏት የተቋሙን የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነው። ሰውነት ለእንቅልፍ ሲዘጋጅ የሚያመነጨው ነገር ምራቅ ውስጥ ይገኛል። ዓይን ውስጥ ብዙ ብርሃን ከገባ ይህ ነገር ይጠፋል። ሰውየው ልብ አለም አላለም፣ ሰውነቱ ቀን ነው ብሎ ያምናል። ተቋሙ ይህን የሚያጠናው ለሐኪም ቤቶችና ለፋብሪካ ፈረቃ ነው ይላል።

ስለ ምድር ቤቱ ነጭ ክፍል አይናገርም።

የሚስማር ታናሽ ወንድም እዚያ አሥራ አንድ ቀን ታስሮ ቆየ። አንድም ሰው በጥፊ አልመታውም። መብራት ብቻ አበሩበት። ሲለቁት ገላው ላይ ጭረት አልነበረም፤ እንቅልፍ ግን ተመልሶ አልመጣለትም። በሃያኛው ቀን ከፎቅ ወደቀ።

የተቋሙ ወረቀት «የክፍሉ ብርሃን ከማንኛውም ቢሮ አይበልጥም» ይላል። ቁጥሩ ውሸት የለበትም። የለኩት ግን ጠረጴዛው ላይ ነው። መብራቶቹ ያሉት ግድግዳው ላይ፣ ከተቀመጠ ሰው ፊት ትክክል።

ሰው በጠረጴዛ አያይም።

መነጽሮቹ የተሠሩት ለዚህ ነበር። እያንዳንዱ እጀታ ላይ፣ ከዓይን አጠገብ፣ ምስር የምታክል መለኪያ አለች። ዓይን ዘንድ የደረሰውን ብርሃን በየደቂቃው ትመዘግባለች። ተቋሙ ለምርምሩ ያዘዛቸው ከጥላ ነው። የሚስማር ሥራ በነጩ ክፍል ዓይን ዘንድ የደረሰውን የብርሃን ልክ አውጥቶ፣ የእስረኞቹን አቤቱታ ለሚመረምረው አጣሪ ጉባኤ ማድረስ ነበር። ጉባኤው ዛሬ ፋይሉን ይዘጋል።

«የመዝገቡ ሌላ ግልባጭ አለ?» አለ ጥላ።

«የለም።»

«እርግጠኛ ነህ ወንድሜ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

ጥላ ወደ መስኮቱ ሄዶ መጋረጃውን እስከ ግማሽ ሳበ። ማዶ ጋዜጣው ታጠፈ።

ጥላ ሸጦታል።

«ጋሼ፣ የመነጽሩን ቁጥር አላዩትም» አለ ሚስማር።

ጥላ እጀታውን ገለበጠ። ሰባት።

«ይሄማ የኔ ነው። ለሙከራ ያደረግኩት።»

«እርስዎ አሥራ አንድ ቀን አድርገውታል።»

ጥላ ፈገግ እንዳለ ቀረ።

«እርስዎ የሚያውቁት የመነጽሩን ክፈፍ ብቻ ነው። ብርሃን ለኪዎች ምንም ነገር አይጥሉም፤ የሙከራውም መዝገብ ለማወዳደሪያ ይቀመጣል። ከትናንት በስቲያ ከፈትኩት። ጠዋት ከሦስት እስከ ስድስት ሰዓት፣ ሰማያዊ የበዛበት ብርሃን፣ ዝንፍ ሳይል። እንዲህ ያለ ብርሃን ያለው አንድ ክፍል ብቻ ነው። ቀኖቹ ደግሞ የወንድሜ ቀኖች ናቸው።»

«ስማኝ፣ እኔ መብራቱን ብቻ ነበር...»

«ለቅሶ ቤት መጥተህ አቅፈኸኛል።»

አራት ወር አንቱ ያለውን ሰው አሁን አንተ አለው።

«ለምን እኔን አስገባኸኝ?»

«አንተ ባትገባ ሌላ ይገባ ነበር» አለ ጥላ። ድምፁ ተለውጧል። «የምናውቀው ሰላይ ይሻላል። መውጫ የለህም። ልጆቹ በር ላይ ናቸው።»

«መዝገቡ ትናንት ወጥቷል። በምራቅ ናሙና ሣጥን፣ በረዶ ውስጥ። አሁን ጉባኤው እጅ ነው። የወጣው ከቁጥር ሰባት ነው። ቁጥር ሰባት በማን ስም እንደተመዘገበ አለቆችህ ያውቃሉ።»

ጥላ መነጽሩን ጨበጠ።

«እነግራቸዋለሁ። ያምኑኛል።»

«ንገራቸው። መነጽሩም በእጅህ ነው።»

«ለምን መጣህ ታዲያ? ከላክኸው በኋላ ለምን መጣህ?»

«ፊትህን ለማየት።»

አየው። እስኪጠግብ አየው። ከዚያ በመስታወት መሞረጃው ክፍል በኩል ወደ ጓሮ አለፈ። የጓሮውን መቀርቀሪያ ባለፈው ሳምንት ዘይት ቀብቶታል።

ከኋላው የሱቁ በር ተከፈተ።

«የት አለ?» አለ አንዱ።

«በጓሮ! ሩጡ!»

ማንም አልሮጠም።

«ቆይ» አለ ሁለተኛው። «አለቃ አሁን ደውሎ ነበር። ቁጥር ሰባት የማን ነው?»

ሚስማር መቀርቀሪያውን ሳበ። ጥላ በእናቱ ስም ሲምል ሰማ። ከዚያ ወንበር ወደቀ። ሚስማር በቀስታ እየተራመደ ወጣ።

የቀረው አንድ ነገር ነበር። ሣጥኑ ላይ የፈረመችው እትዬ ምራቅ ናት። ውስጡ ምን እንዳለ አታውቅም። ማለዳ ላይ ደውሎ «ዛሬ ሥራ አትግቢ፤ እህትሽ ጋ ሂጂ» ብሏት ነበር። ሳቀችበት። «ናሙናዬ ይበላሽብኛል እኮ ልጄ! አንተ ደግሞ፣ እንቅልፍ አጥተህ አደርክ?» አለችው። ምክንያቱን ቢነግራት ትሄድ ነበር። ወሬው ለጥላ እንዳይደርስ ፈርቶ አልነገራትም።

ከሕዝብ ስልክ ወደ ጠረጴዛዋ ደወለ።

ወንድ አነሳው። «አቤት? ማን ልበል?»

ዘጋ።

ከስድስት ሳምንት በኋላ፣ ሌላ ከተማ፣ ሚስማር አንዲት አሮጊት ቤት ውስጥ ግድግዳ ይቀባል። ሬዲዮው ወሬ ያነባል። የተቋሙ ምድር ቤት ታሽጓል። ኃላፊው ታስሯል። አንድ መነጽር ሠሪ የት እንደገባ አልታወቀም።

«ይበላቸው!» አሉ አሮጊቷ። «አንተ አትልም እንዴ?»

«ይበላቸው እማማ።»

መሰላሉ ላይ ቆሞ ጠበቀ። ስለ ላቦራቶሪዋ ሴት ምንም አልተባለም። ዜና አንባቢው ወደ እግር ኳስ ተሻገረ።

«ለመሆኑ ስምህን ማን አልከኝ?»

«ቀቢው ይበሉኝ፤ ይበቃል» አለና ወደሚቀጥለው ግድግዳ መሰላሉን አዞረ።