በግቢው የቀረው ሰማያዊ ጭስ

መካኒኩ አርማስ ጋራዡ ወለል ላይ ተደፍቶ ተገኘ፤ ማጅራቱን በመፍቻ ተመትቷል። የላፕላንድ ብርድ ከዜሮ በታች ሃያ ስምንት ደርሷል። መርማሪ ሄልቪ በሩ ላይ ስትቆም የተቃጠለው ዘይት ሽታ ገና አልለቀቀም፤ የሞተው ሰው አሁንም የሚተነፍስ ያህል ሰቀጠጣት።

ለመንደሩ ነገሩ ያለቀለት ነበር። ጧት አስራ ሁለት ሰዓት ላይ የሟቹ ሚስት ሳይማ የመኪና ድምፅ ሰምታ በመስኮት ብታይ፣ ሰማያዊ ጭስ በግቢው መብራት ስር ተንሳፍፎ ቀርቷል። በመንደሩ ሰማያዊ ጭስ የሚተፋው ደግሞ የጎረቤታቸው የፓቮ መኪና ነው። ባለፈው ሳምንት ሊያሠራት ቢመጣ፣ አርማስ ዓይኑን እንኳ ማየት አቅቶት ሳይነካት መለሰው፤ በዚያው ተጣሉ። ከአስራ አንድ ዓመት በፊት የፓቮን ሴት ልጅ አንድ መኪና ገጭቷት አምልጧል፤ ነጂው ማን እንደሆነ አልታወቀም። አሁን ደግሞ አባትዬውን እድሜ ልክ እስራት ይጠብቀዋል።

«ጭሱን ያዩት የት ላይ ነው?» አለች ሄልቪ።

«እዚችው፣ ጋራዡ በር ላይ» አለች ሳይማ።

«መታጠፊያው ጋስ?»

«እዚያ የኋላ መብራቱን አይቻለሁ። ጭስ አልነበረም።»

ሄልቪ ግቢው ውስጥ ወዳለው፣ ብርድ ላይ ያደረ መኪና ሞተሩ በኤሌክትሪክ ወደሚሞቅበት ምሰሶ ሄደች። ገመዱ በወጉ ተጠቅልሎ ተሰቅሏል፤ ማሞቂያውን የሚያበራው ሰዓት ከሌሊቱ አስር ላይ ተሞልቷል። የአርማስ መኪና የሚያድረው ግን ጋራዡ ውስጥ ነው።

ፓቮም፣ ብዙ ጊዜ እዚህ ቤት የሚያድረው የሳይማ ወንድም ኤይኖም ከቤታችን አልወጣንም አሉ። ምስክር የላቸውም። ሄልቪ የሁለቱንም መኪና እዚያው ግቢ አሳድራ በማግስቱ ጧት ሁሉንም ሰበሰበች።

መጀመሪያ ፓቮ አስነሳ። እስከ መታጠፊያው ደርሶ ሲመለስ መንገዱ በሙሉ ሰማያዊ ሆነ።

«ታዲያ ምን ቀረ?» አለ ኤይኖ።

«ያንተ ቀርቷል።»

የኤይኖ መኪና ሲነሳ አንድ ጊዜ ሰማያዊ ቡን አለና ጠራ፤ ጠርቶም መታጠፊያው ደረሰ። የመጀመሪያው ጭስ ግን መብራቱ ስር የቆመ ሰው መስሎ ቀረ። ሳይማ አፏን ያዘች።

ኤይኖ ሲመለስ ሄልቪ ተናገረች። «የፓቮ ሞተር በሄደበት ሁሉ ዘይት ያቃጥላል። ያንተ ግን ዘይት የሚይዘው የቫልቮቹ ጎማ ነው ያለቀው። መኪናው ለሰዓታት ሲቆም ዘይቱ ወደ ሞተሩ ውስጥ ጠብ ጠብ ይላል፤ ስታስነሳው ያው ይቃጠልና ያበቃል። መንገድ ላይ ያየህ ሰው አያውቅብህም። ስለዚህ ገዳዩ እዚህ ያደረ ሰው ነው። ስትመጣ እንደ ልማድህ ማሞቂያውን ሰካህ። ሰው ገድለህ ስትወጣ እንኳ ገመዱን ጠቅልለህ ሰቀልክ።»

ኤይኖ እህቱን አላያትም። ያየው ፓቮን ነበር።

«ሊነግርህ ቆርጦ ነበር» አለው። «ሌሊቱን ሙሉ ለመንኩት፣ እምቢ አለኝ። ልጅህ በተገጨችበት ሌሊት የተጣመመውን የመኪናዬን የፊት ፓራውልት ያቃናልኝ እሱ ነው፤ ዝም ያለው ለእህቴ ብሎ ነው።»

ፓቮ ሄዶ የመኪናውን ሞተር አጠፋ። አርማስ ዓይኑን ማየት ለምን እንዳቃተው አሁን ገባው።