ሻርፕ የዘቀዘቀችው ሙሽራ

አሮጊት ስትናገር ማን ይሰማል! «ጃጅታለች» ትሉና ታልፋላችሁ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ የምናገረውን ስልኬ ይጽፍልኛል። ዓይኔ ግን ከእናንተ ዓይን ይበልጣል። ያየሁትን አይቻለሁ።

ማክሰኞ ነው። ከጠዋቱ አራት ሰዓት... በጠራራ ፀሐይ... ሜልበርን፣ ኬንሲንግተን፣ የገዛ ሳሎኔ ውስጥ።

ጎረቤቴ ኢሎና የሀንጋሪ ሰው ነበረች። ስትሞት የአገሯን ልብስ የለበሱ አሻንጉሊቶቿን ለእኔ ተወችልኝ። ጥልፍ ሽርጥ፣ ድርብርብ ጉርድ፣ ትከሻ ላይ ባለጥለት ሻርፕ። አንዷ ሙሽራ ናት። «ለማንም እንዳትሰጪ» አለችኝ። እሺ አልኩ። የእኔ እሺ እሺ ነው።

ባለመስታወት ቡፌ ውስጥ ቆልፌባቸዋለሁ። ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው።

ያን ቀን ልጄ ናዝራዊት ከታርኔት መጣች። ከነጸሎት ዘይቷ።

«እማዬ፣ መንፈስ አለባቸው። ጣያቸው።»

«መንፈስስ ያለበት ሶፋ ላይ ተጋድሞ የሚውለው ባልሽ ነው!»

«ቅዳሜ ከጸሎት ቡድኑ ጋር መጥተን እንወስዳቸዋለን።»

«ሞክሩኛ!»

ምንም እንደሌለባቸው ላሳያት ቡፌውን ስከፍት... ዘይቱን ሙሽራይቱ ሽርጥ ላይ ጠብ አደረገችው።

ሐር ላይ! ዘይት!

እኔም ጌታን አምናለሁ። ግን ሐር ይቀባል? ገፍትሬ አስወጣኋት።

ዘይቱን እንዲመጥልኝ የበቆሎ ዱቄት ነሰነስኩበት። ቆለፍኩ። ለስላሳውን ብሩሽ ከኩሽና ይዤ ተመለስኩ።

ዱቄቱ ተራግፏል።

እድፉም የለም...

ከዚያ ሻርፗን አየሁት። ተዘቅዝቋል። ጥለቱ ወደ አንገቷ ዞሯል... እኛ ለቅሶ ቤት ስንሄድ ነጠላችንን እንደምናደርገው።

የሁሉም ተዘቅዝቋል።

ለሀንጋሪ አሻንጉሊት የእኛን ሐዘን ማን አስተማራት?

ስልኬ ጮኸ። ናዝራዊት ናት፤ ገና መኪናዋ ውስጥ።

«እማዬ፣ ይቅርታ...» አለች። ከዚያ በሹክሹክታ...

«አጠገብሽ ማነው የሚያለቅሰው?»

እኔ ምንም አልሰማሁም። ቤቱ ጭጭ ብሏል።

እውነቱን ብነግራት ቅዳሜን አትጠብቅም። ያኔውኑ ተመልሳ ትወስዳቸዋለች።

«ቴሌቪዥን ነው» አልኳት።

ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል።

«እማዬ... ስምሽን እየጠራች ነው...»

ዘጋሁባት።

በሩን አየት አደረግሁ፣ አልዋሽም። ግን ከአሻንጉሊት ልሸሽ? እኔ?

ቡፌውን ከፍቼ ሻርፖቹን አንድ በአንድ አቃናሁ። የሙሽራይቱን መጨረሻ ላይ። ጣቴ ጉንጯን ነካው።

እርጥብ ነው። ሙቅ።

ቀና ስል... ያቃናኋቸው ሁሉ መልሰው ዘቅዝቀዋል። ሙሽራይቱም።

እጄን ወገቤ ላይ አደረግሁ።

«ስሚኝ አንቺ! አደራ ተቀብያለሁ። እኔም የትም አልሄድ፣ እናንተንም የሚወስዳችሁ የለ። በቁሜ አይለቀስብኝም! አሁን... ዓይኔ እያየ... አቃኚው!»